ሬምብራንትና ቤቱን ያቆመችለት ሴት

የማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ መታሰቢያ መጽሔት ሲዘጋጅ፣ ስለ አንድ የታወቀ ሰው ሕይወት እንድንጽፍ አዘጋጆቹ ጠየቁን። አንባብያን የንጉሥ ወይም የአርበኛ ታሪክ ትጠብቁ ይሆናል። እኛ ግን ሱቅ ጠባቂዎች ነንና ስለ አንድ ባለዕዳ ሠዓሊ ለመጻፍ መረጥን። ምክንያቱ እንዲህ ነው። እዚህ ናይሮቢ፣ በሱቃችን ግድግዳ ላይ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው መደርደሪያ በላይ፣ ካለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ የተቆረጠ አንድ ሥዕል ተሰቅሏል። በሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት ነጭ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ ውኃ ውስጥ ቀስ እያለች ትገባለች። ዓይኗን ከውኃው ላይ አላነሳችም፤ ለብቻዋ ፈገግ ያለች ትመስላለች። ደንበኞቻችን ይህች ማን ናት እያሉ ይጠይቁናል። የሠዓሊውን ስም፣ ሬምብራንትን፣ የሚያውቅ አይጠፋም። የሴቲቱን ስም የሚያውቅ ግን እስካሁን አላጋጠመንም። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለጠያቂዎቻችን መልስ ይሁንልን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሬምብራንት በ1606 በሆላንድ አገር፣ በላይደን ከተማ፣ ከባለ ወፍጮ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በ20 ዓመቱ፣ በ1626፣ ከሣላቸው ሥዕሎች አንዱ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናነበውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በፊልጶስ እጅ ሲጠመቅ ያሳያል። ሥዕሉ ዛሬ በኡትሬኽት ከተማ በሚገኝ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ወጣቱ ሠዓሊ በ1631 አካባቢ እንጀራ ፍለጋ ወደ አምስተርዳም ተሻገረ። አምስተርዳም ያኔ ከዓለም ዙሪያ መርከብ የሚጎርፍባት፣ ሀብታም ነጋዴ ሁሉ ፊቱን አሥሎ ቤቱ መስቀል የሚፈልግባት ከተማ ነበረች።

እዚያም ሄንድሪክ ኡለንቡርክ በሚባል የሥዕል ነጋዴ ቤት ሲሠራ የነጋዴውን ዘመድ ሳስኪያን አወቀ። ሳስኪያ አባቷ የሌዋርደን ከተማ ከንቲባ የነበረ፣ እናትና አባቷን በልጅነቷ ያጣች የደህና ቤተሰብ ልጅ ነበረች። በ1633 ተጫጩ፣ በ1634 ተጋቡ። በታጩ ሰሞን ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ፣ አበባ ይዛ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ በብራና ላይ የነደፋት ትንሽ ሥዕል ዛሬ በበርሊን ይገኛል። ከጋብቻው በኋላም ራሷን በአበባ አስጊጦ፣ የሐር ልብስ አልብሶ ደጋግሞ ሥሏታል። ለሠዓሊው ሥራ መነሻ የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ሳስኪያ ናት።

ገንዘቡም በዚያ ዘመን ይገባ ነበር። ተማሪዎች ይከፍሉታል፤ ሀብታሞች ተራ ይጠብቃሉ። ዳሩ ግን ገቢና ወጪ እንደማይተዋወቁ እኛ ነጋዴዎች እናውቃለን። ሬምብራንት ጨረታ ሲሰማ አይቀመጥም ነበር። የሌሎች ሠዓሊዎችን ሥራ፣ የጦር ዕቃ፣ የባሕር ዛጎል፣ የሩቅ አገር ልብስ እየገዛ ቤቱን ሞላው። በጥር 1639 ደግሞ በብሬስትራት መንገድ ትልቅ ቤት በ13,000 ጊልደር ገዛ። ጥቂቱን ከፍሎ የቀረውን በጥቂት ዓመታት ሊጨርስ ተዋዋለ። የሌሊት ዘብ ለሚባለው ትልቅና ዝነኛ ሥዕሉ የተከፈለው ወደ 1,600 ጊልደር ነው። በእኛ በደብተር ሒሳብ፣ ቤቱ ስምንት እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን ይበላል ማለት ነው። የቤቱ ዕዳ በጊዜው ሳይከፈል ውሎ አደረ።

ሐዘንም በላይ በላዩ መጣ። ሳስኪያ የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በጨቅላነታቸው ሞቱ። በ1641 የተወለደው ቲተስ ብቻ አደገ። በሰኔ 1642፣ የሌሊት ዘብ በተጠናቀቀበት ዓመት፣ ሳስኪያ ራሷ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት አረፈች። ከመሞቷ በፊት ባደረገችው ኑዛዜ ድርሻዋን ለልጇ ለቲተስ አውርሳ፣ ባሏ ሌላ ሚስት እስካላገባ ድረስ በንብረቱ እንዲጠቀም ፈቀደችለት። ይህን አንቀጽ ልብ በሉት፤ ወደፊት ይመጣል።

ቲተስን እንድታሳድግ ኼርትዬ ዲርክስ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ተቀጠረች። በኋላም ከሬምብራንት ጋር አብራ ኖረች። በተለያዩ ጊዜ ላገባሽ ቃል ገብቶልኛል ብላ በ1649 ከሰሰችው፤ ፍርድ ቤቱም በየዓመቱ 200 ጊልደር እንዲከፍላት ፈረደ። በሚቀጥለው ዓመት ግን በእሱ ግፊት በኻውዳ ከተማ በሚገኝ የማረሚያ ቤት ተዘጋባት፤ አምስት ዓመት ያህልም ቆየች። የታላቅ ሰው ታሪክ ስንጽፍ ይህን መዝለል አንወድም። የእጁ ሥራ አሁንም ያስደንቀናል፤ በዚች ሴት ላይ የሠራው ግን ግፍ ነው።

በዚህ መካከል ነው የሥዕላችን ሴት የምትገባው። ሄንድሪክዬ ስቶፈልስ ትባላለች። በጀርመን ድንበር አቅራቢያ ከምትገኘው ከብሬድፎርት የመጣች የወታደር ልጅ ናት። ከሬምብራንት 20 ዓመት ያህል ታንሳለች። የገባችው የቤት ሠራተኛ ሆና ነው። መጻፍ ስለማትችል በውል ወረቀት ላይ የምትፈርመው የመስቀል ምልክት አድርጋ ነበር። ቀስ በቀስ የቤቱ እመቤት ሆነች። ሬምብራንት ግን ሊያገባት አልቻለም። ካገባ በሳስኪያ ኑዛዜ መሠረት የቲተስን ድርሻ ቆጥሮ ማስረከብ ነበረበት፤ ይህን የሚያስረክብበት ገንዘብ ደግሞ አልነበረውም።

የዕዳውን ዋጋ የከፈለችው እሷ ናት። በ1654 ነፍሰ ጡር ሳለች የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጠርተው ከሠዓሊው ጋር ያለ ጋብቻ ትኖሪያለሽ አሏት። አመነች። ከቅዱስ ቁርባን ከለከሏት። ሬምብራንት የዚያች ቤተ ክርስቲያን አባል ስላልነበር ቅጣቱ እሱን አልነካውም። በጥቅምት ልጃቸው ኮርኔሊያ ክርስትና ተነሳች። በዚያው በ1654 የተሣሉ ሁለት ሥዕሎች አሉ። አንዱ በሱቃችን ያለው ነው፤ ዋናው ለንደን ይገኛል። ሁለተኛው በፓሪስ ሉቭር የሚገኘው፣ የኦርዮ ሚስት ቤርሳቤህ የንጉሥ ዳዊትን ደብዳቤ በእጇ ይዛ አንገቷን ደፍታ የተቀመጠችበት ነው። በሁለቱም ላይ ያለችው ሄንድሪክዬ እንደሆነች ይታመናል። ንጉሥ ሲጠራት እንቢ ማለት ያልቻለችውን የቤርሳቤህን ፊት ያየ ሰው፣ ሠዓሊው በቤቱ የሆነውን ያውቅ እንደነበር ይገባዋል።

በእንግሊዝና በሆላንድ መካከል ከ1652 እስከ 1654 በተደረገው የባሕር ጦርነት ንግድ ተቀዛቀዘ። ቤቱን የሸጠው ሰው ቀሪ ገንዘቡን ጠየቀ። ሬምብራንት ከአንዱ ተበድሮ ለሌላው ከፈለ። ይህ ዓይነቱ ነገር ቀዳዳን በቀዳዳ መድፈን መሆኑን ዱቤ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። በ1656 መክፈል እንዳልቻለ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ጸሐፊዎች መጥተው በቤቱ ያለውን ዕቃ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞሩ በ363 ተራ ቁጥር መዘገቡ። ዕቃውም ሥዕሉም በሐራጅ ተሸጠ። በ1658 ቤቱ በ11,218 ጊልደር ተሸጠ፤ ከተገዛበት ዋጋ በታች ማለት ነው። ቤተሰቡ በሮዘንኽራኽት መንገድ ኪራይ ቤት ገባ።

አሁን ወደ ጽሑፋችን ልብ ደረስን። ሬምብራንት ከዚያ በኋላ የሚሥለውን ሁሉ አበዳሪዎች ሊወስዱበት ይችሉ ነበር። ስለዚህ ሄንድሪክዬና ወጣቱ ቲተስ ሽርክና ገብተው የሥዕል ንግድ ከፈቱ። ውሉም በታኅሣሥ 1660 በውል አዋዋይ ፊት ጸደቀ። ንግዱ የሁለቱ ነው፤ ትርፍና ኪሳራው የሁለቱ ነው። ሬምብራንት በንግዱ ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም። እሱ ይሠራል፣ እነሱ ያበሉታል፣ ያኖሩታል። በእጁ ለተቀበለው ገንዘብ ለቲተስ 950፣ ለሄንድሪክዬ 800 ጊልደር ባለዕዳ መሆኑን አመነ። ስሟን መጻፍ የማትችለው የቀድሞዋ ሠራተኛ የሬምብራንት አሠሪ ሆነች። ከእኛ ነጋዴዎች መካከል ይህን ውል ያየ ሰው ብልህነቱን አይክድም። ሠዓሊው አንድ ብሩሽም የኔ ነው ሳይል በሰላም መሥራት ቻለ።

በዚያ ኪራይ ቤት የተሠራውን እንይ። በ1661 ሁለት አፍሪካውያን ወንዶችን ጎን ለጎን፣ እንደማንኛውም ሰው በክብር ሣለ። በቀድሞ ሰፈሩ በብሬስትራት አካባቢ ከአፍሪካ የመጡ ጥቂት ነጻ ሰዎች ይኖሩ እንደነበር የከተማዋ መዛግብት ያሳያሉ። በ1662 የጨርቅ ጥራት የሚመረምሩ ሹማምንት ደብተራቸውን ገልጠው ቀና ሲሉ የሚያሳየውን ትልቅ ሥዕል ፈጸመ። እኛ ጨርቅ ሸጠን የምናድር ሰዎች እነዚህን ፊቶች እናውቃቸዋለን፤ ሊያጭበረብር የመጣን ሰው ከበር ጀምረው ያዩታል። ለአዲሱ የከተማ አዳራሽ የሠራው ትልቅ ሥዕል ግን ከተሰቀለበት ወርዶ ተመለሰለት። ችግሩ አልለቀቀውም፤ በ1662 የሳስኪያን መቃብር ቦታ እንኳ ሸጠ።

ሄንድሪክዬ በነሐሴ 1661 ያላትን ለልጇ ለኮርኔሊያ ተናዝዛ ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት በተጻፈ አንድ የምስክርነት ወረቀት ላይ የሬምብራንት ሚስት ተብላ ተመዝግባለች። ቤተ ክርስቲያን የነፈገቻትን ስም አንድ ጸሐፊ ሰጣት። በሐምሌ 1663 አረፈች፤ ዕድሜዋ 40 አልሞላም። ቲተስ በ1668 ባገባ በዓመቱ ሳይደርስ ሞተ። ሬምብራንት በጥቅምት 4 ቀን 1669 በ63 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው በቬስተርኬርክ በኪራይ መቃብር ነው፤ ዛሬ አጥንቱ የት እንዳለ አይታወቅም። ሊከፍለው ያልቻለው የብሬስትራት ቤት ግን ከ1911 ጀምሮ በስሙ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል።

ይህን ታሪክ ለኢዮቤልዩው የመረጥነው በሌላም ምክንያት ነው። በስደት ሱቅ የከፈትን ብዙዎቻችን ፈቃዱም የበሩ ጽሑፍም በወንዱ ስም ነው። ኪራይ ሲጠራቀም፣ ዕቃው በጉምሩክ ሲያዝ፣ ዱቤ የወሰደው ሲጠፋ፣ ሌሊት ተነስታ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል ያስረከበችው፣ ዕቁብ ጥላ ኪራዩን የከፈለችው፣ የዱቤ ደብተሩን ይዛ በየቤቱ የዞረችው ግን ማን እንደሆነች ልጆቻችን ያውቃሉ። በዚህ መጽሔት ገጾች የመሥራቾችን ፎቶግራፍ ስታዩ፣ ከፎቶው ውጪ የቀሩትን እናቶቻችሁንና እኅቶቻችሁን አስቡ። ስማቸውን ካወቃችሁም ከፎቶግራፉ በታች ባለው ባዶ ቦታ ጻፉት። እኛም ከሱቃችን ሥዕል ሥር የሄንድሪክዬ ስቶፈልስን ስም በትልቅ ፊደል ጽፈን ለጥፈናል።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን።