«ልብ ወለድ» የሚለውን ቃል የሰጠን፣ አገሩን ግን የከዳው ደራሲ

ስልካችሁ ላይ በፒዲኤፍ አውርዳችሁ የምታነቡትን ሁሉ «ልብ ወለድ» ነው የምትሉት አይደል? ቃሉ የመጣው ከአንድ መጽሐፍ ርዕስ ነው። ጸሐፊው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ይባላል።

አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1868 ጣና ዳር፣ ዘጌ ተወለደ። የእቴጌ ጣይቱ ዘመድ ነው። በ1887 ጣሊያን ተልኮ ሥዕል ተማረ፤ ተመልሶም እንጦጦ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን ሳለ። ከእቴጌዋ ጋር ግን አልተስማማም። በ1894 እንደገና ለትምህርት ስዊዘርላንድ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ያለው ከባድ ነው። በ1896 መጀመሪያ የጣሊያን ጦር እዚሁ መቐለ፣ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ተከበበ። ውሃውን አስይዛ ያስጠማችው ጣይቱ ናት። በዚያው የጦርነት ወቅት ዘመዷ አፈወርቅ ለጣሊያን አደረ።

ከ1902 ጀምሮ ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ አስተማረ። በ1908፣ በ40 ዓመቱ፣ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ሮም ላይ አሳተመ። ብዙዎቻችን «ጦቢያ» ብለን የምናውቀው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ይኼ ነው። ታሪኩ ተረት ተረት ይሸታል፦ አባት በጦርነት ይማረካል፣ የማይታወቅ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስፈታዋል። ልጁ ዋሂድ ውለታውን ሊመልስ ነጋዴውን ፍለጋ ወጥቶ ባሪያ ሆኖ ይሸጣል። መንትያ እህቱ ጦቢያ ደግሞ ወንድ መስላ ትፈልገዋለች። ጭራሽ የንጉሥ ቤተሰብ የሆነች ሴት ወንድ መስላት ትወዳታለች!

አፈወርቅ በኋላ አገሩ ገብቶ አዲስ አበባ ዳኛ ሆነ፤ ሮም ላይም ኢትዮጵያን ወክሎ ሠራ። ጣሊያን በ1936 አገሪቱን ስትይዝ ግን ዳግም ከወራሪው ጋር ቆመ። «አፈ ቄሳር» የሚል ማዕረግም ተሰጠው። ከነፃነት በኋላ ጅማ ተጋዘ። ዓይኑ ጠፍቶ በ1947 እዚያው አረፈ።

እኔን የሚገርመኝ ይኼ ነው፦ ስለ ውለታ እንዲህ አሳምሮ የጻፈ ሰው፣ ያስተማረችውን አገር ውለታ ሁለት ጊዜ ረሳ። መጽሐፉን አንብቡት፣ ያምራል። ጸሐፊውን ግን ማንም ነፃ እንዲያወጣላችሁ አትጠብቁ። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል።