ቻርልስ ሎሪንግ ብሬስ፤ ለቤት የለሽ ሕፃናት ቤተሰብ ፈላጊው



ወላጅ ያጣ ሕፃን ሲያጋጥመን ወደ አእምሯችን ፈጥኖ የሚመጣው የሚበላው፣ የሚለብሰውና የሚያድርበት ነገር ነው። ይህ ተገቢ አሳብ ነው። ነገር ግን ልጁ ከምግብና ከልብስ ሌላ የእኔ ናቸው የሚላቸው፣ እነሱም የእኛ ነው የሚሉት ሰዎች ያስፈልጉታል። በአገራችን ሕዝቡ ማደጎ እያለ ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ ሲያሳድግ ኖሯል፤ ጉዲፈቻ የሚለውን ከኦሮምኛ የተገኘ ቃልም ሕጋችን ተቀብሎታል። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ይህን አሳብ የዕድሜ ልክ ሥራው አድርጎ፣ ከትልቅ ከተማ ወደ ገጠር ሕፃናትን በባቡር እየላከ ቤተሰብ ሲፈልግላቸው የኖረ አንድ ሰው ነበር። ስሙ ቻርልስ ሎሪንግ ብሬስ ይባላል። ዛሬ ታሪኩን፣ መልካሙንም ጉድለቱንም ሳንደብቅ፣ እናቀርብላችኋለን። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ብሬስ በ1826 በኮኔቲከት ግዛት ሊችፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆን ብሬስ መምህር ነበር። ባርነትን በመቃወም በጻፈችው ልብ ወለድ ስሟ የገነነው ሐሪየት ቢቸር ስቶው በልጅነቷ የዚህ መምህር ተማሪ ነበረች። ቤተሰቡ ወደ ሃርትፎርድ ከተማ ከተዛወረ በኋላ ብሬስ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ሞተችበት። አባቱ ግን ቤቱን አላፈረሰም፤ ልጆቹን ራሱ እያስተማረ አሳደጋቸው። ብሬስ በኋላ ስለ ቤተሰብ ያን ያህል አጥብቆ ማሰቡ ከዚህ ሳይጀምር አይቀርም ብለን እንገምታለን።

ሌላም ምክንያት አለ። በሃርትፎርድ ያደገበት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሆራስ ቡሽኔል የሚባል ሊቅ ነበር። ይህ ሰው የሕፃን ልጅ ጠባይና እምነት የሚቀረጸው በስብከትና በተግሣጽ ብዛት ሳይሆን በየዕለቱ በሚኖርበት ቤት መንፈስ ነው የሚል ትምህርት ያስተምር ነበር። ብሬስ ይህን ትምህርት ከልቡ ተቀበለው።

በ1846 ከዬል ኮሌጅ ተመርቆ ወደ ኒው ዮርክ በመሄድ የነገረ መለኮት ትምህርቱን ቀጠለ። በዚያም ሳለ ብላክዌል በምትባለው ደሴት ወደሚገኙት እስር ቤትና ሆስፒታል እየሄደ እስረኞችንና ድውያንን ያጽናና ነበር። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሲቀመጥ አንድ ነገር ከነከነው። ይኸውም ዕድሜያቸው ከገፋና ጠባያቸው ከደረቀ በኋላ መምከር ብዙ ፍሬ የለውም፤ ከልጅነታቸው ቢጀመር ኖሮ የሚል ነበር።

በ1850 ወደ አውሮፓ ተሻገረ። እንግሊዝን በእግሩ ሲዞር የጉዞ ጓደኛው በኋላ የኒው ዮርክን ታላቅ መናፈሻ የነደፈው ፍሬደሪክ ሎ ኦልምስቴድ ነበር። በ1851 ሃንጋሪ ውስጥ የአብዮተኞች መልእክተኛ ነህ ተብሎ ተጠርጥሮ አንድ ወር ያህል ታስሯል። ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እናልፈዋለን። ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ጀርመን አገር ሃምቡርግ አጠገብ ያየው ነው። በዚያ ዮሐን ዊኸርን በ1833 ባቋቋመው የሕፃናት መኖሪያ ልጆቹ በአንድ ትልቅ አዳራሽ አልታጎሩም፤ በትንንሽ ቤቶች ተከፋፍለው፣ በእያንዳንዱ ቤት አንድ አሳዳጊ እንደ ታላቅ ወንድም ሆኖላቸው ይኖሩ ነበር።

ወደ ኒው ዮርክ ሲመለስ የጠበቀው ከተማ እንዴት ያለ ነበር? በ1850 ነዋሪው ከ500,000 በላይ ደርሷል። የአየርላንድ ረኃብና የጀርመን ችግር ያሰደዳቸው ሰዎች በመርከብ እየተጫኑ ይጎርፉ ነበር። አባት በሥራ አደጋ ይሞታል፤ እናት በኮሌራ ወይም በሳንባ ነቀርሳ ታልቃለች፤ ልጆቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። በ1849 የፖሊስ አዛዡ ባቀረበው ዘገባ ከከተማው ከፊል ቀበሌዎች ብቻ 3,000 የሚጠጉ ተንከራታች ሕፃናት መኖራቸውን ገልጾ ነበር። ጋዜጣ ያዞራሉ፣ ክብሪት ይሸጣሉ፣ ጫማ ይጠርጋሉ፣ ይሰርቃሉም። ሌሊት በባዶ ሳጥን ውስጥና በደረጃ ሥር ያድራሉ። የተያዘው ልጅ ከጎልማሳ ወንበዴ ጋር ይታሰራል፤ ዕድል የቀናው ደግሞ በደወል እየተነሣ በደወል ወደሚተኛበት የእጓለ ማውታ ማሳደጊያ ይገባል። ብሬስ ማሳደጊያዎቹን አልወደዳቸውም። በሰልፍና በደወል ያደገ ልጅ ታዛዥ ይሆን እንደሆነ እንጂ ከግቢው ሲወጣ መኖር አይችልም ባይ ነበር።

በ1853 የሕፃናት ረድኤት ማኅበር ተቋቋመ። የ26 ዓመቱ ብሬስም ዋና ጸሐፊ ሆነ። ለአጭር ጊዜ ላገለግል ብሎ የገባበትን ሥራ እስኪሞት ድረስ፣ 37 ዓመት ሙሉ፣ አልለቀቀም።

መጀመሪያ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በ1854 ደግሞ ለጋዜጣ አዟሪ ልጆች ማደሪያ ተዘጋጀ። አልጋው በ6 ሳንቲም፣ እራቱ በ4 ሳንቲም ነበር። ለምን በነፃ አልሆነም ቢሉ፣ ልጆቹ በላባቸው የሚያድሩ ነጋዴዎች ስለ ነበሩ ምጽዋት ክብራቸውን ይነካል ተብሎ ነው። በማደሪያው ውስጥ ገንዘብ ማስገቢያ ቀዳዳዎች ያሉት አንድ ጠረጴዛ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቀዳዳ አለው፤ መቼ እንደሚከፈትም ልጆቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ይወስናሉ። ከብሬስ ሥራዎች ሁሉ እኛን ደስ ያሰኘን ይህ ጠረጴዛ ነው። ልጁ ስለ ራሱ ነገር የተጠየቀበት ቦታ ነበርና። ይህን በልባችሁ ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አልጋው ግን ቤት አይደለም። ብሬስ በምዕራብ ያለውን ሰፊ የእርሻ አገር አሰበ። በዚያ እህል ይተርፋል፣ የሰው እጅ ግን ያንሳል። ታዲያ እነዚህን ልጆች ወደ ገበሬዎቹ ቤት ብንልካቸው ልጁም ቤተሰብ ያገኛል፣ ቤተሰቡም ረዳት ያገኛል አለ። በመስከረም 1854 መጨረሻ 45 ያህል ልጆች ስሚዝ ከተባለ የማኅበሩ ወኪል ጋር ተነሡ። በወንዝ መርከብ ወደ ኦልባኒ፣ ከዚያ በስደተኞች ባቡር፣ ከዚያም በሐይቅ መርከብ ተጉዘው በጥቅምት 1 ቀን ሚሺጋን ግዛት ዶዋጂያክ የምትባል ከተማ ደረሱ። ዕለቱ እሑድ ነበር። ወኪሉ ልጆቹን ምእመናን ወደ ተሰበሰቡበት አዳራሽ ወስዶ ስለ እነሱ ተናገረ። በመጀመሪያው ቀን 15፣ በሚቀጥሉት ቀናት 22 ልጆች ቤት አገኙ። ማንም ያልወሰዳቸው የቀሩት ትንንሾች ግን ወደ ቺካጎ ተወሰዱ፤ ከዚያም ያለ አዋቂ ጠባቂ በባቡር ተሳፍረው አዮዋ ወዳለ አንድ ማሳደጊያ ተላኩ። ሕፃናት ብቻቸውን!

ሕጉ ልጅ የሚፈልግ ሰው ከሰባኪውና ከአካባቢው ዳኛ የምስክር ወረቀት ያምጣ ይል ነበር። ነገር ግን ወኪሉ በጉዞው ላይ ሁለት ልጆችን በመርከብ ላይ ላገኛቸው መንገደኞች ያለ አንዳች ምርመራ ሰጥቷል። ኦልባኒ ባቡር ጣቢያ ያገኘውንም አንድ ልጅ ሙት ልጅ ነኝ ስላለው ብቻ ሳያጣራ ከቡድኑ ጋር ቀላቅሎታል። የዚያ ልጅ እናት ትኖር ይሆን? ማንም አልጠየቀም።

የሆነ ሆኖ ብሬስ ጉዞው ተሳካ ብሎ ቀጠለበት። በኋላ አሠራሩ ቋሚ መልክ ያዘ። ባቡሩ ከመድረሱ በፊት በከተማዋ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ የታወቁ ሰዎች ኮሚቴ ይቋቋማል። ልጆቹ ታጥበው፣ አዲስ ልብስ ለብሰው በቤተ ክርስቲያን ወይም በከተማ አዳራሽ መድረክ ላይ ይቆማሉ። ሕዝቡም እየተመለከተ ይመርጣል። አንዳንዱ ገበሬ የልጁን ክንድ ጨብጦ ጡንቻውን ይለካል፤ ጥርሱን የሚያይም ነበር። በእኛ አገር ይህን የሚመስል ነገር የሚታየው በከብት ገበያ ነው። ልጁ መድረኩ ላይ ቆሞ ታናሽ እኅቱ በሌላ ሰው ሠረገላ ስትሄድ ያያል። ወንድምና እኅት እንዳይለያዩ ቢሞከርም ብዙ ጊዜ ተለያይተዋል።

ለብሬስ ፍትሕ ለመስጠት አንድ ነገር መጨመር አለብን። ከእርሱ በፊት ድኻ ልጅ በውል ታስሮ እስከ 21 ዓመቱ ለጌታው የሚያገለግልበት ልማድ ነበር። ብሬስ ይህን ውል አልፈለገም። ልጁ እንደ ቤተሰቡ አባል ይመገብ፣ ይማር፤ ካልተስማማውም ይውጣ የሚል ነበር። ማሳቹሴትስ ግዛት በ1851 የልጁን ጥቅም ያስቀደመ የጉዲፈቻ ሕግ ማውጣቷም በዚያው ዘመን ነው። በብሬስ አሠራር ግን ቤተሰቡ ልጁን በሕግ ልጁ የማድረግ ግዴታ አልነበረበትም። በመሆኑም አንዱ ልጅ ስምና ርስት ሲያገኝ ሌላው ያለ ደመወዝ ሠራተኛ ሆኖ ቀርቷል።

ያማረላቸውም አሉ። በ1859 በአንድ ባቡር ወደ ኢንዲያና ከሄዱት ልጆች መካከል ጆን ብሬዲና አንድሩ በርክ ይገኙበታል። ብሬዲ ከሰካራም አባት ሸሽቶ መንገድ ላይ የወደቀ ልጅ ነበር። የወሰደው ዳኛ፣ እንደሚነገረው፣ ከመላው ቡድን መልከ ጥፉውንና ተስፋ የሌለውን መርጦ ከእንዲህ ያለው ልጅ ምን እንደሚወጣ ለማየት ፈልጎ ነው። ብሬዲ በ1874 ከዬል ተመረቀ፤ ወደ አላስካ ሄዶ ወንጌል ሰበከ፤ ከ1897 እስከ 1906 የአላስካ አስተዳዳሪ ሆነ። በርክም በ1891 የሰሜን ዳኮታ አገረ ገዥ ሆነ። ማኅበሩ እነዚህን ሁለቱን መጥቀስ ይወድ ነበር፤ ማንስ ቢሆን! ይሁን እንጂ ሌሊት ከገበሬው ቤት ሾልኮ የጠፋውን የ15 ዓመት ልጅ ስም የሚጠቅስ አልነበረም።

ተቃውሞው ከየአቅጣጫው መጣ። የምዕራብ ግዛቶች ሹማምንት ኒው ዮርክ ወንበዴዎቿን እየላከችብን ነው አሉ። ካቶሊኮች ደግሞ ልጆቻችን ለፕሮቴስታንት ቤት እየተሰጡ እምነታቸውን እየተቀሙ ነው አሉ፤ ይህም እውነትነት ነበረው። በ1869 በደናግል መነኮሳት የተመሠረተው የኒው ዮርክ ካቶሊካዊ የሕፃናት ማሳደጊያም በኋላ በራሱ መንገድ ሕፃናትን ወደ ካቶሊክ ቤተሰቦች መላክ ጀመረ። በእርሱ አሠራር ተቀባዩ ቤተሰብ አስቀድሞ ተመርጦ ይጠብቅ ስለ ነበር ሕፃኑ መድረክ ላይ አይቆምም።

ከሁሉ የሚጠቅመው ትችት በ1884 የመጣው ነው። ሄስቲንግስ ሃርት የተባለ የሚኒሶታ ሹም ወደ ግዛቱ የተላኩትን ልጆች ጉዳይ ተከታትሎ መረመረ። የወንበዴነቱ ክስ ሐሰት መሆኑን መሰከረ። ትንንሾቹ ልጆች በአብዛኛው ደኅና ሆነዋል። ነገር ግን ቤተሰቦቹ በችኮላ ተመርጠዋል፣ ልጆቹ ከተሰጡ በኋላ የሚጎበኛቸው በቂ ሰው የለም፣ ትልልቆቹም ብዙዎቹ ሳይስማማቸው ሄደዋል ሲል ዘገበ። ጥቂት ወኪሎች በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ላይ የተበተኑ ልጆችን ሁሉ ይጎበኛሉ ማለት የማይሆን ነገር ነበር።

እኛ ከዚህ የበለጠ የምንወቅሰው ሌላ ነገር አለ። ከተላኩት ልጆች ብዙዎቹ በፍጹም ሙት ልጆች አልነበሩም፤ አንድ ወይም ሁለት ወላጅ በሕይወት ነበራቸው። ወላጆቻቸው ድኾች ነበሩ እንጂ አልሞቱም። ብሬስ የድኻውን ቤት እንደ ቤት ለመቁጠር ተቸግሯል። በአየርላንዳዊቷ ልብስ አጣቢ ጠባብ ክፍል ውስጥም ቡሽኔል ያስተማረው የቤት መንፈስ ሊኖር እንደሚችል አልታየውም። ልጁ ከቀድሞ ዘመዶቹ እንዲቆራረጥም ይመረጥ ነበር። የጋዜጣ አዟሪዎቹ ልጆች ጠረጴዛው መቼ እንደሚከፈት ድምፅ ሰጡ፤ መድረክ ላይ የቆመው ልጅ ግን ከማን ጋር መኖር እንደሚፈልግ፣ እናቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው የት እንደሆነ፣ በአብዛኛው የጠየቀው የለም።

ብሬስ በ1854 ቤልፋስት ውስጥ ሌቲሺያ ኒል የተባለች ሴት አግብቶ አራት ልጆች ወልዷል። መጻሕፍትም ጽፏል፤ ከሁሉ የታወቀው በ1872 ስለ ኒው ዮርክ ድኾች ያሳተመው ነው። በ1890 ለጤናው በሄደበት በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል ዐረፈ። ሥራውን ልጁ ተረከበው።

ከሞቱ በኋላ የጎደለው ቀስ በቀስ ተሞላ። በ1909 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሰበሰበው ጉባኤ ሕፃን በድኽነት ብቻ ምክንያት ከወላጁ ሊወሰድ አይገባም፣ ወላጅ የሌለው ደግሞ በተቻለ መጠን በቤተሰብ ውስጥ ይደግ ሲል መከረ። የፕሬዚዳንቱ አባት በሕይወቱ ሳለ እሑድ ማታ ወደ ጋዜጣ አዟሪዎቹ ማደሪያ እየሄደ ልጆቹን ያጫውት የነበረ የብሬስ ረዳት ነበር። በ1917 ሚኒሶታ፣ ያው ሃርት የመረመራት ግዛት፣ ዳኛ ጉዲፈቻን ከማጽደቁ በፊት ተቀባዩ ቤት እንዲመረመር በሕግ አዘዘች።

ባቡሮቹ በ1929 ቆሙ። የብሬስ ማኅበርና አርአያውን የተከተሉት ድርጅቶች በእነዚያ 75 ዓመታት በግምት 200,000 ልጆችን ልከዋል። ከተጓዦቹ አንዳንዶቹ በስተርጅና፣ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ የልጅ ልጅ አድርሰው፣ ለማኅበሩ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። የሚጠይቁትም በየትኛው ስም እንደ ተወለዱና ያን ቀን በሌላ ሠረገላ የሄደው ወንድማቸው የት እንደ ገባ ነበር።