ቡድኔ ሲሸነፍ ደስ ያለኝ ምሽት

አንድ ነገር ልናዘዝ። አርሰናልን መደገፍ ከጀመርኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። አንድ ቅዳሜ ምሽት ግን ቡድኔ ሲሸነፍ ደስ አለኝ።

ደብረ ታቦር ውስጥ ሁሌ ጨዋታ የማይበት ዲኤስቲቪ ቤት አለ። የጉና ብርድ በበሩ ሥር ይገባል፤ ማሊያችንን ለብሰን፣ ከላይ ጋቢ ደርበን፣ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ያን ቀን ከመግባቴ በፊት በስልኬ ቤቲንግ ቆርጬ ነበር። የቆረጥኩት ታዲያ ለአርሰናል አይደለም። ለተጋጣሚው የተሰጠው ኦድ ጥሩ ነበር፣ የእኛ ልጆች ደግሞ ሰሞኑን አቋማቸው ወርዷል። ሂሳብ ነው፣ በቃ፣ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

አጠገቤ የተቀመጠው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ። ይህን ልጅ ሁሌ እተርበዋለሁ። ቡድኑን መደገፍ የጀመረው በቅርቡ ነው። በ1996 ዓ.ም. ሳይሸነፍ ዋንጫ የበላውን ስብስብ ጥራ ቢሉት ከአንሪ አያልፍም። ማሊያው የገበያ ነው፤ ሁለቴ ታጥቦ የጀርባው ስም ተልጧል። ፕላስቲክ ደጋፊ እለዋለሁ።

ጎል ሲገባብን ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። እኔ በሆዴ ብሩን እያሰላሁ ነበር። ጨዋታው አልቆ ስንወጣ ልጁ የሚቀጥለው ቅዳሜ ትመጣለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሌላ ምንም አላለም። አዎ አልኩት። ኪሴ ሞቋል፤ ቀና ብዬ ፊቱን ማየት ግን አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። እውነተኛ ደጋፊ ማነው?

ብዙ የሚያውቅ ነው እንዳልል፣ ከሁላችንም በላይ የሚያውቀው ስልኬ ነው። ስታዲየም የሚገባ ነው እንዳልል፣ ከእኛ ደጋ ተነስቶ ለንደን የሚደርስ ስንት ሰው አለ? ሲሸነፍ የሚያመው ነው ብልም አላረካኝም። ሜዳ ላይ ድንጋይ የሚወረውረውም እኮ አሞት ነው የሚወረውረው።

መጨረሻ ላይ ወደ ቃሉ ተመለስኩ። ገጠር ቤት ሲዘም ምን ይደረጋል? ባላ ተቆርጦ ይደገፋል። ቀጥ ብሎ የቆመን ቤት ማንም አይደግፍም፤ አያስፈልገውማ። ደጋፊ ማለት እንግዲህ ቤቱ ሲያዘም ትከሻውን የሚያስጠጋ ነው። ይህን ሳስብ በአእምሮዬ የመጡት አንድ ሰው ናቸው፤ ይድነቃቸው ተሰማ።

ለምን እሳቸው? አንዱ ምክንያት ቀኑ ነው። ነሐሴ 13 የከተማችን በዓል ነው። ከተማዋም በዓሉም ስማቸው ደብረ ታቦር ነው። ዋዜማውን ችቦ ይበራል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል ይሰበስባሉ። አቶ ይድነቃቸው ያረፉት በዚሁ ቀን ነው፤ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.። የተወለዱትም በበዓል ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ ጅማ። በእንቁጣጣሽ መጥተው በቡሄ የሄዱ ሰው ናቸው።

አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ባለቅኔና ድምፃዊ፣ ድምፃቸው በሸክላ ከተቀረጸ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ። ልጅየው ግን ልባቸው ኳስ ላይ ወደቀ።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ አማካይነት ሲመሠረት አገሪቱ ጦርነት ላይ ነበረች። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ይድነቃቸው ያኔ 15 ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። እስቲ አስቡት። ክለባችሁ ገና ዳዴ እያለ ነው፤ ከተማችሁ ተይዟል፤ የአገሬው ሰው ከነጭ ጋር አንድ ሜዳ ላይ እንዳይጫወት ተከልክሏል። የክለቡም ስም ተነጥቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር የሚል የፋሽስት ስም ተለጠፈበት። ማሊያ የለ፣ ዋንጫ የለ፣ ስም እንኳ የለ። እኛ አንድ የውድድር ዓመት አራተኛ ሆነን ስንጨርስ ቻናል እንቀይራለን። እነዚያ ልጆች ግን ስሙ እስኪመለስ ኳሱን አልተዉም። ነፃነት ሲመለስ ጊዮርጊስም ስሙን ይዞ ተመለሰ።

አቶ ይድነቃቸው የተጫዋችነት ዘመናቸውን የሰጡት ለዚሁ ለአንድ ክለብ ነው። አጥቂ ነበሩ፤ ለጊዮርጊስ አስቆጠሩ ተብሎ የሚነገረው ጎል ከ300 በላይ ነው። ጫማቸውን የሰቀሉት በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ግን ኳስ መምታት ብቻ አልነበረም ሥራቸው። ፌዴሬሽኑ ሲቋቋም እሳቸው አሉ። የጨዋታው ሕግ በአማርኛ እንዲነበብ የተረጎሙትም እሳቸው ናቸው። ዛሬ ኦፍሳይድ ነው አይደለም ብለን ስንጨቃጨቅ፣ መጀመሪያ ሕጉን በቋንቋችን ለማስቀመጥ ቁጭ ብሎ የደከመ ሰው እንደነበረ ትዝ አይለንም።

ከዚያ 1949 ዓ.ም. መጣ። ካርቱም ላይ አራት አገሮች፣ ማለትም ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እልካለሁ፣ ቀላቅዬ አልልክም አለች። ሌሎቹም እንግዲያው አትመጪም አሏት። አፍሪካ ውስጥ እንኳ አብዛኛው አገር ገና በቅኝ ግዛት ሥር በነበረበት ጊዜ፣ አራት አባል ብቻ ያለው አዲስ ድርጅት አንዱን አባሉን ለመርህ ሲል አስቀረ ማለት ነው።

ኢትዮጵያ የተደለደለችው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ስለነበር ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ፍጻሜው ላይ ግብፅ 4 ለ 0 ቀጣችን። አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው፤ አድ ዲባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ ተገናኘን፤ አሁንም 4 ለ 0። በዚያው ውድድር በሱዳንም 1 ለ 0 ተሸነፍን። እንደ እኔ ዓይነቱ ደጋፊ ቢሆን ያን ጊዜ ለግብፅ ቤቲንግ ይቆርጥ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ግን ብሔራዊ ቡድኑን ይዘው ለሚቀጥለው ተዘጋጁ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም፣ በፍጻሜው ከፊታቸው የቆመው ያው ግብፅ ነው። መጀመሪያ ተመራን፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገን። በደቂቃ ውስጥ እንደገና ተመራን። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። በጭማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ፣ ከዚያም መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩ። 4 ለ 2። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያላት የአፍሪካ ዋንጫ ያ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሳቸውን ታሪክ እዚህ ላይ ያቆመዋል። ለኔ ግን የበለጠው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ጭብጨባ የሌለበት ስብሰባ ውስጥ የተሠራው።

ለ1958 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ ብቻዋን አንድ ቦታ እንኳ አልሰጠም። አንዷን ቦታ ከእስያ ጋር ተካፈሉ ተባለ። አቶ ይድነቃቸው ይህን ከተቃወሙት ግንባር ቀደም ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ወጡ። ኳስ የሚወድ ሰው የዓለም ዋንጫን መተው ምን ያህል እንደሚከብደው አስቡት። ግን ሠራ። ለ1962ቱ ውድድር አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሜክሲኮ ሄደች። በ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ በቀጥታ የተሰጠው ቦታ 9 ነው። ዘጠኙን ስትቆጥሩ ከዜሮ የተጀመረበትን ቀን አስታውሱ።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ጉዳይ አልለቀቁም፤ በ1968 ዓ.ም. ፊፋ አባረራት። የትምባሆና የአልኮል ማስታወቂያ የአፍሪካን ኳስ እንዳይገዛውም ተከራከሩ። ብሩ በጣም ያስፈልግ ነበር፤ ግን ማንኛውም ብር ይግባ አላሉም።

ከሳቸው ጋር የማልስማማበትም አለ። ምርጥ ተጫዋቾች አፍሪካን እየለቀቁ አውሮፓ መሄዳቸውን አይወዱትም ነበር። እኔ ደግሞ ድሃ ቤት የተወለደ ልጅ በእግሩ እንጀራ ካገኘ ይሂድ ባይ ነኝ። ግን ስጋታቸው ገብቶኛል። ሰዎቹ ሲሄዱ ዓይናችንም ተከትሏቸው ይሄዳል። ደብረ ታቦር ተቀምጬ የሰሜን ለንደንን አሰላለፍ በቃሌ የማውቅ እኔ፣ በከተማዬ ሜዳ ላይ የሚጫወቱትን ልጆች ስም አላውቅም። አቶ ይድነቃቸው ዛሬ ከፊቴ ቢቆሙ፣ ከቤቲንጉ ይልቅ በዚህ የምጠየቅ ይመስለኛል።

የዘሩትን ሁሉ አላዩም። በካንሰር ታመው ሲያርፉ አፓርታይድ ገና አልወደቀም፣ ማንዴላም ገና እስር ቤት ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነፃ ወጥታ በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስትበላ እሳቸው የሉም። ኢትዮጵያ ደግሞ ከአፍሪካ ዋንጫ ለ31 ዓመት ጠፍታ በ2005 ዓ.ም. ተመለሰች። የተመለሰችው የት መሰላችሁ? ደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ያለቀበት ቀን ጥር 13 ነበር፤ ዋንጫውን ባነሣንበት ቀን፣ ልክ በ51 ዓመቱ። ያን ጊዜ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለብሰው ስታዲየሙን የሞሉት ሰዎች አብዛኞቹ አገራቸውን በአፍሪካ ዋንጫ ያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሲያዩት ሳይሆን ሳያዩት ነው የደገፉት።

ወደ ራሴ ልመለስ። ያን ምሽት ያገኘሁት ብር በሳምንቱ አለቀ፤ ምን እንደገዛሁበት እንኳ አላስታውስም። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ለተጋጣሚ ከቆረጥኩ በኋላ የማየው ጨዋታ የኔ ጨዋታ አልነበረም። ጎል ሲገባብን ማዘን አልቻልኩም፤ ብናገባም መደሰት አልችልም ነበር። ሃያ ሁለት ሰው የሚሮጥበት የሂሳብ ደብተር ሆኖብኝ ነበር። የሸጥኩት አርሰናልን አይደለም፤ አርሰናል እኔን አያውቀኝም። የሸጥኩት በአግዳሚው ላይ አጠገቤ የነበረኝን ቦታ ነው።

መተግበሪያውን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። ሁለቴ መልሼ ጭኜው ሁለቴ አጥፍቼዋለሁ፤ ዋሽቼ ጀግና አልባልም። እሁድ ጠዋት ደግሞ ወደ ከተማችን ሜዳ መውረድ ጀምሬያለሁ። የሦስት ልጆችን ስም አውቄያለሁ፤ አንዱ ግራ እግረኛ ነው፣ ጥሩ ይመታል።

ለዚያ ልጅ ነሐሴ 13 ቀን፣ በዓሉን ውለን ስንመለስ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝና ስንት ብር በላህ ብሎ ጠየቀኝ፤ ስነግረው ሳቀ። ፕላስቲክ ያልኩትን ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እሱ ረስቶታል፣ ወይም የረሳ መሰለ።

እኔ እንግዲህ እውነተኛ ደጋፊን የምለይበት ምልክት አግኝቻለሁ፤ ያገኘሁትም ከዚህ ልጅ ነው። ከካይሮው 4 ለ 0 በኋላ አቶ ይድነቃቸው የሠሩትን፣ ልጁ ከዲኤስቲቪ ቤቱ በር ላይ በብርድ ቆሞ ሠራው። ቡድኑ በተሸነፈበት ምሽት፣ ፊቱ እንደ ተከፋ፣ የጠየቀው ስለሚቀጥለው ቅዳሜ ነው።