ቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር፦ የአእምሮ ሕሙማን ጠያቂ



ከቦሌ ተነሥቶ በመገናኛና በጉርድ ሾላ በኩል ወደ ኮተቤ የሚሄድ መንገደኛ በጎዳናው ዳር ብቻውን የሚናገር፣ ልብሱ ያለቀ፣ ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቁበት ሰው ማየቱ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። አንዱ አይቶ መንገዱን ይቀይራል፤ ሌላው ሳንቲም ጥሎለት ያልፋል፤ ቆም ብሎ ስሙን የሚጠይቀው ግን ከስንት አንድ ነው። ከዚህም ሌላ ከሰው ዓይን ተሰውሮ በየቤቱ ጓዳ የሚኖር፣ ቤተሰቡም ከኀፍረትና ከፍርሃት የተነሣ በጎረቤት ፊት ስሙን የማያነሣው ሕመምተኛ አለ። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 29 ቀን፣ የምታስበው ቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር የእነዚህ ሰዎች ወዳጅ ነበረ። ወዳጅነቱም ከሩቅ የመጣ ርኅራኄ አልነበረም። እርሱ ራሱ እንደ እብድ ተቆጥሮ ታስሯል፤ ተገርፏልም።

ተንከራታቹ ሰው

ዮሐንስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1495 በፖርቱጋል አገር ሞንቴሞር ኦ ኖቮ በምትባል ከተማ ነው። ገና የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ከወላጆቹ ቤት ተለይቶ ወደ ስፔን ሄደ፤ በኦሮፔሳም በሰው ቤት አድጎ የበግ እረኛ ሆነ። ከጎለመሰ በኋላ በንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ ጦር ውስጥ ገብቶ በፈረንሳይ ድንበር ዘመተ። በዚያም እንዲጠብቀው የተሰጠው የምርኮ ዕቃ ስለ ጠፋ በስቅላት ሊቀጣ ከደረሰ በኋላ በምልጃ ተረፈ። በኋላም ቱርኮችን ለመውጋት ወደ ቪየና ከዘመቱት ጋር ሄዷል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ትውልድ ከተማው ቢመለስ እናቱ በእርሱ መጥፋት አዝና እንደ ሞተች፣ አባቱም በገዳም እንዳረፈ ሰማ። ይህ ሐዘን ከልቡ አልወጣም። ከዚያም በሰሜን አፍሪቃ ጠረፍ በምትገኘው በሴውታ፣ ለስደት የተዳረገና የታመመ የአንድ መኰንን ቤተሰብ እንዳይራብ፣ በምሽግ ሥራ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ደመወዙን ለእነርሱ ሰጠ። ወደ ስፔን ከተመለሰ በኋላ መጻሕፍትና ቅዱሳት ሥዕላትን በጀርባው ተሸክሞ እየዞረ ይሸጥ ጀመር፤ በመጨረሻም በግራናዳ ከተማ በኤልቪራ በር አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ዕድሜው ከ40 ዓመት አልፎ ነበር፤ ቤተሰብም ሆነ ዘመድ አልነበረውም።

የሰንሰለቱ ወራት

በ1530ዎቹ መገባደጃ፣ በቅዱስ ሰባስትያኖስ በዓል ዕለት፣ ታዋቂው ሰባኪ አባ ዮሐንስ ዘአቪላ በግራናዳ ሰበኩ። ስብከቱ የመጽሐፍ ነጋዴውን ልብ ሰነጠቀው። ከጉባኤው እየጮኸ ወጣ፤ ዓለማዊ መጻሕፍቱን ቀደደ፤ የቀረውን ሁሉ ለሰው አደለ፤ በጭቃ ላይ እየተንከባለለ ኃጢአቱን በአደባባይ ይናገር ጀመር። ልጆች ተከትለው በድንጋይና በጭቃ መቱት። ጥቂት ደጋግ ሰዎች ደርሰው ወደ አባ ዮሐንስ ወሰዱት። እሳቸውም ሌላውን ሰው ከክፍሉ አስወጥተው የሕይወቱን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በትዕግሥት ሰሙት። ይሁን እንጂ ሁኔታው አልበረደም፤ በመጨረሻም ንጉሣዊ ሆስፒታል ወደሚባለው ቤት፣ አእምሯቸውን የሳቱ ሰዎች ወደሚጠበቁበት ክፍል ተወሰደ።

የመጀመሪያው የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ፍራንሲስኮ ዴ ካስትሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1585 በታተመው መጽሐፉ፣ ዮሐንስ ራሱን ለማዋረድ ሲል ሆን ብሎ እብድ መስሎ እንደ ታየ ይተርካል። በኋላ ዘመን የተነሡ አንዳንድ ጸሐፊዎች ግን በእርግጥ የአእምሮ ሕመም እንደ ደረሰበት ይገምታሉ። መልሱ ምንም ይሁን ምን የደረሰበት መከራ አንድ ነው። በዚያ ዘመን አእምሮ በሥቃይ ይመለሳል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር እጅና እግሩን አስረው በተቋጠረ ገመድ ገረፉት። እርሱ ግን በራሱ ላይ የሚወርደውን ግርፋት ለኃጢአቱ ካሳ አድርጎ ሲቀበል፣ በአጠገቡ ባሉት ሕሙማን ላይ የሚወርደውን አልታገሠም። ጠባቂዎቹን በግልጽ ገሠጸ፤ እነዚህ ወንድሞች መታዘዝ አቅቷቸው እንጂ ክፉዎች ሆነው እንዳልሆነ አስረዳ።

አባ ዮሐንስ ዘአቪላ አልረሱትም። ከእሳቸው ዘንድ ጥየቃና የማጽናኛ ቃል ደረሰው፤ ሰው ሁሉ የተወውን ሰው አንድ ሰው አሰበው። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ረጋ አለ። ሰንሰለቱ በተፈታለት ጊዜ ከዚያ ቤት ለመውጣት አልቸኰለም፤ መጥረጊያ አንሥቶ ክፍሎቹን ይጠርግ፣ ዕቃ ያጥብ፣ ሕሙማኑንም ያገለግል ጀመር። በዚያም ሳለ አንድ ነገር በልቡ ተመኘ፤ ድሆችንና አእምሯቸው የታወከባቸውን ሰዎች ሰብስቦ ልቡ እንደሚፈቅደው የሚያገለግልበት የራሱ ቤት እንዲኖረው።

የግራናዳው ቤት

ወደ ጓዳሉፔ እመቤታችን በእግሩ ተሳልሞ ከተመለሰ በኋላ በግራናዳ አንድ ቤት ተከራየ፤ በየመንገዱ የወደቁትንም በጀርባው ተሸክሞ ያስገባ ጀመር። ማታ ማታ ቅርጫት በጀርባው፣ ሁለት ድስት በገመድ በትከሻው አንጠልጥሎ በየጎዳናው ይለምን ነበር። ልመናው ከሌሎች ለማኞች የተለየ ነበረ፤ ሰጪው መልካም የሚያደርገው ለራሱ መሆኑን እየተናገረ ይጠራቸው ነበር። የቱይ ከተማ ጳጳስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር ብለው ስም ያወጡለትና የሚለብሰውን ልብስ የወሰኑለትም በዚህ ዘመን ነው።

ከእጁ ከተረፉት ጥቂት ደብዳቤዎች በአንዱ፣ በቤቱ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች እንዳሉ ይገልጻል። ከእነርሱም መካከል አካለ ስንኩላን፣ ለምጻሞች፣ ዲዳዎች፣ አረጋውያን፣ ሕፃናትና የአእምሮ ሕሙማን ይቈጠራሉ። ዕዳ እንደ ተከመረበት፣ አበዳሪዎቹንም ከማፈሩ የተነሣ ከቤት መውጣት እንደ ከበደው በዚያው ይናገራል። ሆኖም ዋናው ድንቅ ነገር የሰዎቹ ብዛት አይደለም። ካስትሮ እንደሚተርከው ዮሐንስ በየዕለቱ ጠዋት ሊያነጋግሩት ለመጡት ተቀምጦ የእያንዳንዱን ችግር በትዕግሥት ያዳምጥ ነበር፤ የሚሰጠው ነገር ባይኖረው እንኳ ሳያጽናና ያሰናበተው ሰው አልነበረም። ሕሙማኑንም እየዞረ ይጠይቃቸው ነበር። ካህን አልነበረም፤ ሐኪምም አልነበረም። ያለው ሁለት እጅና አንድ የሚሰማ ጆሮ ነበር። በዚህ ጆሮ የደም ባላጋራ የነበሩትን ሁለት ሰዎች እንኳ አስታርቋል፤ አንቶን ማርቲንና የወንድሙ ገዳይ ፔድሮ ቬላስኮ ታርቀው ሁለቱም የእርሱ ተከታዮች ሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ1549 ንጉሣዊ ሆስፒታል በእሳት ተያያዘ። ከነበልባሉ ውስጥ ገብተው ሕሙማኑን ካወጡት መካከል ዋናው ያ በዚያው ቤት ታስሮ የተገረፈው ዮሐንስ ነበረ። በቀጣዩ ዓመት በጄኒል ወንዝ ሙላት የተወሰደ ወጣት ለማዳን ውኃ ውስጥ ገብቶ ሕመሙ ጸናበት፤ እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1550 ተንበርክኮ በጸሎት ላይ ሳለ ዐረፈ። ዕድሜው 55 ዓመት ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት አሌክሳንደር 8ኛ እ.ኤ.አ. በ1690 ቅድስናውን አወጁ፤ ሊዮን 13ኛ በ1886 ከቅዱስ ካሚሎስ ጋር የሕሙማንና የሆስፒታሎች ጠባቂ፣ ፒዮስ 11ኛም በ1930 የነርሶች ጠባቂ እንዲሆን ወሰኑ። ከእርሱ የተነሣው የወንድሞች ማኅበር ዛሬ ከ50 በሚበልጡ አገሮች ያገለግላል፤ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎችም ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ናቸው።

ጥየቃ ምንድን ነው?

በቋንቋችን የታመመን ሰው መጎብኘት ጥየቃ ይባላል። ቃሉ ራሱ ትምህርት ነው። ጠያቂ ማለት ብርቱካን ይዞ የመጣ ብቻ አይደለም፤ የሚጠይቅና መልሱን የሚሰማ ነው። ወባ የያዘውን፣ እግሩ የተሰበረውን፣ በወሊድ የተኛችውን መንደሩ ሁሉ ይጠይቃል። የአእምሮ ሕመም የያዘውን ግን ማን ይጠይቀዋል? ጌታችን በመጨረሻው ፍርድ ስለ ታመሙት ሲናገር ከዚህ ሕመም ሌላ ብሎ አልለየም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይም በሰንሰለት ይታሰር የነበረውን፣ በመቃብር መካከል ይኖር የነበረውን ሰው ባገኘ ጊዜ ስሙን ጠየቀ። ይህን ታሪክ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ሕመምተኛ ሁሉ አጋንንት ያደረበት ነው ወደሚል ስሕተት ሕፃናቱን እንዳትመሩ ተጠንቀቁ፤ ሰንሰለት ያላስገኘውን ሰላም ከጌታ ጋር መገናኘት እንዳስገኘ ግን አስተምሯቸው።

የዛሬው የነርስነት ትምህርትም ከዚህ የራቀ አይደለም። አሜሪካዊቷ ነርስ ሂልደጋርድ ፔፕላው እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመችው መጽሐፍ በነርሷና በሕመምተኛው መካከል ያለው ግንኙነት ራሱ የሕክምናው ክፍል መሆኑን አስረዳች። ከዚያ ወዲህ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች መድኃኒት ከመስጠት ጋር ንግግርንም እንደ ሙያ ይማራሉ። ትምህርቱ በየቤታችን ልንፈጽመው የምንችለው ነው። ሕመምተኛውን በስሙ ጥራው። በረጋ ድምፅና በአጭር ቃል ተናገር። የማይሰማህን ድምፅ እሰማለሁ ቢልህ አትሟገተው፤ እውነት ነው ብለህም አታታልለው፤ አንተ እንደማትሰማው በቅንነት ነግረህ ፍርሃቱን ግን ተካፈል። ዝም ካለ አብረኸው ዝም በል። የማትፈጽመውን ተስፋ አትስጠው። በአጠገቡ ቆመህ እርሱ እንደሌለ አድርገህ ስለ እርሱ ከሌላ ሰው ጋር አታውራ። ሞትን ስለ መመኘት ቢናገር ግን ቀላል ነገር አድርገህ አትለፈው፤ በግልጽ ጠይቀው፤ ብቻውን አትተወው፤ ፈጥነህም ወደ ሐኪም አድርሰው።

በእኛ አገር አንድ ነገር እንጨምር። ትናንት አንቱ የተባሉ አባት፣ እትዬ የተባሉ እናት፣ ይህ ሕመም በያዛቸው ማግስት በሰፈሩ ሁሉ አንተ፣ አንቺ ይባላሉ። ሕመሙ ያልወሰደውን ክብር አንደበታችን ይወስደዋል። ከፍትፍቱ ፊቱ የሚለው ብሂል ለሕሙማንም ይሠራል፤ የምናቀርበው ምግብ ቢያጠግብ እንኳ የምናቀርብበት ፊት ሊያቈስል ይችላል።

በአገራችን ያለው ሥራ

በአገራችን በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚያው የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ተጀመረ፤ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በእነዚያ መካከል ባሉት ዓመታት በየክልሉ ሸክሙን የተሸከሙት በአብዛኛው ነርሶች ናቸው። ዛሬ በከተማችን ምሥራቅ የየካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ መቄዶንያም ከየጎዳናው የተነሡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ሰብስቦ ይጦራል።

ሰንሰለቱ ግን አላለቀም። በደቡብ በሶዶ ወረዳ የተደረጉ ጥናቶች ቤተሰቦች ሕሙማኖቻቸውን በቤት ውስጥ እንደሚያስሩ ያሳያሉ፤ አብዛኞቹም ይህን የሚያደርጉት ከጭካኔ ሳይሆን ረዳት ከማጣት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቤተሰብ ከመውቀስ በፊት ማገዝ ይገባል። አንድ ቀን ውሎ የሚጠብቅለት ጎረቤት፣ ወደ ሕክምና አብሮት የሚሄድ ምእመን፣ መድኃኒቱን በቀጠሮው የሚያስታውስ ወዳጅ ቢኖረው ገመዱ ይላላል። ጸሎትና ጸበል የሚሹትንም መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ በፍቅር መምከር ያስፈልጋል፤ ጸሎትን የሰጠ አምላክ ለሐኪሙም ጥበብን ሰጥቷልና።

በየቁምስናችን ያሉ ማኅበራት በሚጠይቋቸው ሕሙማን ስም ዝርዝር ውስጥ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ስም ይገኛል? ካልተገኘ በቁምስናው እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ስለሌለ አይደለም። በዚህ የካቲት 29 ቀን እያንዳንዱ ማኅበር አንድ እንዲህ ያለ ቤት መርጦ ይጠይቅ፤ ከዚያም በኋላ ጥየቃውን አያቋርጥ።

ቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር፣ ሕሙማንን ለሚያስታምሙ ሁሉ ትዕግሥትን፣ ለሕሙማኑ ፈውስንና ሰላምን፣ ለእኛም የሚሰማ ጆሮን ከእግዚአብሔር ይለምንልን። አሜን።