የቴሲጀር ኔጋቲቮች ከአዋሽ እስከ አውሳ

አዋሽ ከምዕራብ ሸዋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ላይ እንደሚቀር ዛሬ የአንደኛ ደረጃ ተማሪም ያውቃል። ከ90 ዓመት በፊት ግን መጨረሻውን ጠንቅቀው የሚያውቁት የአገሬው ሰዎች ብቻ ነበሩ። ወንዙን እስከ መጨረሻው ተከትሎ በካርታ ያሰፈረው ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለ የ23 ዓመት እንግሊዛዊ ነው። ስለዚህ ሰው ጀብዱ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሳበኝ ሌላ ነገሩ ነው፤ ያነሳውን ፎቶ ኔጋቲቭ አለመጣሉ።

ለምን እንደሳበኝ ልናገር። አባቴ አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ካሜራም ነበረው። እሱ ካረፈ በኋላ ወደ 400 የሚጠጋ ኔጋቲቭ በብስኩት ቆርቆሮ ታሽጎ እጄ ገባ። ሥራዬ ሰመራ በመሆኑ ቆርቆሮውም አብሮኝ ሰመራ ከረመ። እንዴት ላስቀምጠው ብዬ ስጠይቅና ሳነብ ነው ቴሲጀር ላይ የደረስኩት።

ቴሲጀርን እንግሊዛዊ ብቻ ብሎ ማለፍ ይከብዳል። የተወለደው ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ በነበረ የሣር ክዳን የጭቃ ቤት ነው። አባቱ የአገሩ ሚኒስትር ሆኖ እዚህ ይሠራ ነበር። በ1909 ዓ.ም. በልጅ ኢያሱ መውረድ ምክንያት አገር ሲታመስ የራስ ተፈሪ ሕፃን ልጅ አስፋ ወሰን ተሸሽገው የቆዩት በዚሁ ግቢ ነበር። ከሰገሌ ጦርነት በኋላ ድል አድራጊው ሠራዊት ጃንሜዳ ላይ ሲያልፍ የስድስት ዓመቱ ቴሲጀር ቆሞ አይቷል። ያ ትዕይንት ዕድሜውን በሙሉ ከአእምሮው አልጠፋም።

ራስ ተፈሪም የአባቱን ውለታ አልረሱም። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ ገና የኦክስፎርድ ተማሪ የነበረውን የወዳጃቸውን ልጅ በግል ጋብዘውታል። በዓሉ ሲያልቅ ልጁ ወደ አገሩ አልቸኮለም። ወደ አዋሽ ወረደና አንድ ወር ያህል ሲያድን ቆየ። እዚያ ሳለ ነው የወንዙን መጨረሻ ለማየት የቆረጠው።

የተመኘው ቀላል ነገር አልነበረም። ግብፅን ያገለግል የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር በ1868 ዓ.ም. ወደ አውሳ ሲዘልቅ ከነተከታዮቹ አልቋል። ከእሱ በኋላ የገቡ ሁለት የጣሊያን ጉዞዎችም አልተመለሱም። አፋሮች መሬታቸውን ሳይጠየቁ ለሚገባ አሳልፈው አይሰጡም፤ ከግብፅ ጦር ጀምሮ የመጣባቸውን ላየ ሰው ይህ አያስገርምም።

ቴሲጀር ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ የተነሳው ኅዳር 22 ቀን 1926 ዓ.ም. ነው። 40 ያህል ሰዎች፣ ግመሎችና ዑመር የሚባል አስተዋይ ሶማሌ የጭፍራ አለቃ ነበሩት። አብሮት የመጣው እንግሊዛዊ ጓደኛው ታሞ ቀርቷል። ብዙም ሳይርቁ ወደፊት ያለው አገር ሰላም የለውም ተብሎ ከመንግሥት የመመለሻ ትእዛዝ ደረሰው። አዲስ አበባ ወጥቶ ደጅ ጠና፤ ለሚደርስበት ሁሉ መንግሥት ተጠያቂ እንደማይሆን ፈርሞ እንደገና ወረደ። በመጋቢት ወር አውሳ ሲደርስ ሱልጣን መሐመድ ያዮ በጫካ መሐል ባለ ገላጣ ቦታ፣ በጨረቃ ብርሃን ተቀበሉት፤ ፈቀዱለትም። አዋሽ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ሲቀር አይቶ፣ የአሳልን የጨው ሐይቅ አልፎ በግንቦት ታጁራ ላይ ከባሕር ደረሰ። ሰመራ የምትባል ከተማ ያኔ አልነበረችም። ዛሬ ከሰመራ አሳይታ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አስፋልት ላይ ሆኜ ይህን ሳስብ ያ ሁሉ ወር ይታወሰኛል።

በዚህ ጉዞ ሁሉ በእጁ የነበረችው የአባቱ የነበረች ኮዳክ ካሜራ ናት። ላይካ የገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ከፎቶዎቹ ሁሉ እኔ የማልረሳው በገዋኔ አካባቢ፣ በባዱ ሜዳ ያገኘውን ሐምዶ ኡጋ የሚባል ወጣት የአፋር አለቃ ነው። ለስላሳ ፈገግታ ያለው፣ ለጋ ልጅ። ቴሲጀር መንደሩን ለቆ ከወጣ በኋላ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ባላንጣዎቹ መንደሩን ወርረው ገደሉት። ፊቱ የቀረልን ፊልሙ ስላልተጣለ ነው። ሐምዶ ኡጋ መሆኑን ያወቅነው ደግሞ ቴሲጀር በየቀኑ ማስታወሻ ይጽፍ ስለነበር ነው። ማስታወሻው ራሱ የታተመው ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ሌላውን ሕይወቱን ባጭሩ ልለፈው። ሱዳን ውስጥ አስተዳዳሪ ሆነ። በ1933 ዓ.ም. ከዊንጌት ጋር ገብቶ ከአርበኞች ጎን ጎጃም ውስጥ ተዋጋ፤ ኋላም ደሴ የአልጋ ወራሹ አማካሪ ነበር። የዓረቢያን ባዶ በረሃ በግመል ሁለት ጊዜ አቋረጠ፤ ካሜራውን ከአሸዋ ለመከላከል በፍየል ቆዳ ከረጢት ይይዝ ነበር። በኢራቅ ረግረጎች ዓመታት ኖረ፣ ኬንያ ውስጥ አረጀ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈበትን መጽሐፍ መታሰቢያነት ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ሰጥቷል። መኪናና አውሮፕላን ዓለምን አበላሹ ብሎ የሚያምን፣ ድሮን የሚናፍቅ ሰው ነበር፤ እዚህ ላይ ከእሱ ጋር አልስማማም፤ ሆስፒታል የሚያደርስ መንገድ የጠበቀ ሰው ይፈርደኛል። ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም. በ93 ዓመቱ አረፈ። በሚቀጥለው ዓመት 38,000 ኔጋቲቮቹና የሚወዳቸውን ፎቶዎች ራሱ መርጦ የለጠፈባቸው ከ70 በላይ አልበሞች ኦክስፎርድ ወዳለው የፒት ሪቨርስ ሙዚየም ገቡ።

የባዱ ልጆች የቅድመ አያታቸውን ፊት ለማየት ኦክስፎርድን ደጅ ሊጠኑ ነው ማለት ነው። ይህ ቅር ይለኛል። ቅሬታዬ ግን በቴሲጀር ላይ አይደለም፤ እሱ አስቀመጠ። የእኛዎቹ ፎቶ ቤቶች ሲዘጉ ኔጋቲቩ በጆንያ ወጥቶ ሲጣል አይቻለሁ።

ቤታችን ያለው ፊልም ጠላቱ ሙቀት ነው። በቴሲጀር ወጣትነት ብዙው ፊልም ናይትሬት የሚባል፣ እሳት የሚፈራ ነበር። በአባቶቻችን ካሜራ የገባው ግን በአብዛኛው አሲቴት ነው። አሲቴት ሲበላሽ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ ከዚያ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። በ21 ዲግሪና በመካከለኛ እርጥበት ከተቀመጠ ሽታው ለመጀመር 40 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፤ 40 ዲግሪ የተለመደ በሆነበት ሰመራ ከግማሽም በታች ይወርዳል። የታሸገ ቆርቆሮ ደግሞ ጋዙን አፍኖ ይዞ ጤነኛውንም ያስበክላል። የአባቴን ቆርቆሮ ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን መታኝ።

የሸተቱትን ለይቼ ቀድሜ ገለበጥኳቸው። ስካነር የሌለው ሰው ነጭ ብርሃን በሚሰጥ ስክሪን ላይ፣ ከስክሪኑ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይዞ በጥሩ ካሜራ ማንሳት ይችላል። የቀሩትን ጠርዛቸውን ብቻ እየያዝኩ አሲድ በሌለው የወረቀት ፖስታ አስገባኋቸው፤ ፖስታው ላይ የሚጻፈው ፊልሙ ከመግባቱ በፊት፣ በእርሳስ ነው። የጎማ ማሰሪያና ለስላሳ የላስቲክ አልበም ለፊልም መርዝ ናቸው። ከዚያ ሁሉንም በካርቶን ሣጥን አድርጌ አዲስ አበባ እህቴ ቤት ላክሁ፤ ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ በኩል፣ ከወለል ከፍ ባለ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ለፊልም የደጋ አየር ከቆላ ሙቀት ይሻላል።

የቀረው ስም ነው። አባቴ እንደ ቴሲጀር ማስታወሻ አልያዘም። በሥራ ምክንያት አዋሽ ባለፍኩ ቁጥር ላፕቶፔን ይዤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰዎች ዘንድ እቀመጣለሁ። እስካሁን የ31 ሰዎችን ስም ነግረውኛል። ቡፌው በር ላይ ግመሉን ይዞ የቆመውን፣ ጎፈሬውን ያበጠረውን የአፋር ጎልማሳ ግን ያወቀው የለም፤ አንዱ ሽማግሌ ዘመዶቹ ገዋኔ ሳይኖሩ አይቀሩም ብለውኛል።