አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከሜዳ እስከ ጉባኤ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሜዳዎች ወጣቶችን ከምናሠለጥን የሙያ ባልደረቦች መካከል የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ስም ያልሰማ አይገኝም። ይሁን እንጂ ስማቸው የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ስለ ነበሩ ብቻ ነው። ራሳቸው ኳስ የተጫወቱበት ዘመን፣ እንዲሁም ዛሬም ሊያከራክረን የሚገባው አቋማቸው ሲዘነጋ ይታያል። የዝግጅት ክፍሉ ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ በቅድሚያ ያሳሰበኝ ይኸው ነው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው የታወቁ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጅየው ግን አዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲማር ልቡ ያደላው ወደ ኳስ ነበር።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ሲመሠረት የኢጣልያ ጦር ድንበር ጥሶ ገብቶ ነበር። ይድነቃቸው በዚያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናቸው። በወረራው ዘመን ኢትዮጵያውያን ከነጮች ተለይተው እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ክለቡም ስሙ ተለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሜዳው፣ በቆዳው ቀለም ምክንያት ተለይቶ የተጫወተ ልጅ ኋላ በዓለም ጉባኤ ፊት ስለ ዘር መድልዎ ሲከራከር ነገሩን ከመጽሐፍ ያገኘው አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተሰልፈው በ365 ጨዋታ 318 ግብ ማስቆጠራቸው ተመዝግቧል። የዚያን ዘመን በረኞች ምን ያህል እንደ ተቸገሩ አንባቢ ይገምት። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም፣ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ኢትዮጵያ መሥራች ነበረች፤ አቶ ይድነቃቸውም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከመጀመሪያው ውድድር ተሰረዘች። በዚህም የተነሣ ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሽንፈቱ መራራ ቢሆንም፣ ገና አራት አባል ብቻ ያለው ማኅበር አንዱን አባል በመርሕ ምክንያት ለማጣት መቍረጡ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ቡድን በአሠልጣኝነት በአቶ ይድነቃቸው፣ በሜዳ ውስጥ ደግሞ በአምበሉ በሉቺያኖ ቫሳሎ እየተመራ፣ በግብ ጠባቂው በጊላሚካኤል ተክለማርያም ተጠብቆ፣ በዚያን ጊዜ የተባበረው የዐረብ ሪፐብሊክ ትባል ከነበረችው ግብፅ ጋር ለፍጻሜ ገጠመ። ግብፆች ሁለት ጊዜ ቀደሙ፤ ሁለት ጊዜም አቻ ተደረጉ። ሁለተኛውን የአቻነት ግብ ሉቺያኖ ቫሳሎ ያገባው ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀር ነበር። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ አክለው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ ደግማ አላነሣችም።

የእንግሊዙ የ1958 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ሲቃረብ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺያኒያ የተሰጠው ቦታ በድምሩ አንድ ብቻ ነበር። አፍሪካውያን በጋና ቀስቃሽነት ከማጣሪያው ሲወጡ አቶ ይድነቃቸው ከዋነኞቹ ተከራካሪዎች አንዱ ነበሩ። ውጤቱም በቀጣዩ፣ በ1962ቱ የሜክሲኮ ውድድር ታየ፤ አፍሪካ ለራሷ አንድ ቦታ አገኘች። በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ከተመረጡ በኋላም ትግሉ ቀጥሎ፣ በ1974 ዓ.ም. በስፔን ቦታው ሁለት ሆነ። ደቡብ አፍሪካም በ1968 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ጨርሳ ተባረረች።

የሚያከራክረው ጉዳይ ሌላ ነው። አቶ ይድነቃቸው ኳስ የገበያ ዕቃ እንዳይሆን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አንድ አገር በአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት በላይ በውጭ የሚጫወቱ ተጫዋቾችን ማሰለፍ አይፈቀድለትም ነበር፤ እሳቸውም የተጫዋቾችን ወደ አውሮፓ መፍለስ እንደ ጉዳት ቈጥረውታል። የመጠጥና የሲጋራ ማስታወቂያም በኮንፌዴሬሽኑ ውድድሮች እንዳይገባ ታግለዋል። ሰበታ የሜታ ቢራ ፋብሪካ ከተማ ናት፤ ፋብሪካውም በስሙ የሚጠራ ቡድን ነበረው። ሰውየው ይህን እንዴት ይመለከቱት እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

እኔ በበኩሌ በማስታወቂያው ጉዳይ ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ በተጫዋቾቹ ግን አይደለሁም። ሰበታ ከተማ በ2012 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በ2014 ዓ.ም. ሲወርድ፣ ወይም በቡራዩ ሜዳ በታችኛው ሊግ የሚጫወት በረኛ ጓንቱን በራሱ ገንዘብ ሲገዛ የተመለከተ ሰው፣ ልጁ ከኳሱ እንጀራ እንዳይፈልግ ለመከልከል ልብ የሚኖረው አይመስለኝም። አቶ ይድነቃቸው ፍልሰቱ አገሩን ባዶ እንደሚያስቀር ማየታቸው ትክክል ነበር፤ ዳሩ ግን ለተጫዋቹ በአገሩ የሚከፈለው ምን እንደሆነ መጠየቅም ነበረባቸው። እርግጥ ነው፣ ራሳቸው 23 ዓመት ለአንድ ክለብ የተጫወቱት ለገንዘብ ብለው አልነበረም፤ ሌላውንም በዚያው ሚዛን መዘኑት።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ እንዳሉ በካንሰር በሽታ ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ ወደ እግር ኳሱ ማኅበር የተመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጥር 25 ቀን 1988 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ ከተማ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾች አብረው በተሰለፉበት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች።