ያስጀመረው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ያላየው መሐንዲስ

የድሮ የእንፋሎት ባቡር ፎቶ የምትወዱ ቤተሰቦቻችን፣ ዛሬ ከባቡሩ ጀርባ ስለነበረው ሰው እናጫውታችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምንቆጥረው።

አልፍሬድ ኢልግ ይባላል። በ1854 ስዊዘርላንድ ተወለደ፣ ምህንድስና ተማረ። በ1879 ሸዋ መጥቶ ለንጉሥ ምኒልክ መሥራት ጀመረ። ድልድይ ሠራ፣ ለቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አስገባ። ልቡ ያለው ግን ባቡሩ ላይ ነበር።

በ1894 አጼ ምኒልክ ፈቃዱን ሰጡት። ሼፍኖ ከሚባል ፈረንሳዊ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ላይ ሥራው ቆመ፤ ገንዘብ አለቀ፣ የአውሮፓ መንግሥታትም ባቡሩ በማን እጅ ይሁን እያሉ ተሻኮቱ። ኩባንያው ከሰረ፣ ኢልግም አገሩ ገባ።

ጥር 1916 ዙሪክ ውስጥ አረፈ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በዓመቱ፣ በ1917 ነው። ከፈቃዱ እስከ መድረሻው 23 ዓመት!

እኛ ጣና ዳር ያለነው ዛሬም ባቡር እየጠበቅን ነው። ባሕር ዳር ሲገባ ስንቶቻችን እናየው ይሆን?